አንሺና አስቀምጪልኝ

የባለቤቴ አባት የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍላቸው የጠየቁኝ ታላቅ ወንድማቸውን ቦኖሻ ከተማ ቀብረን በተመለስን ሰሞን ነው። በቀብሩ ላይ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ተነቦ ነበር። ከእገሌና ከእገሊት ተወለዱ፣ በታማኝነት አገለገሉ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ የሚል፣ ስም ብቻ እየተቀየረ ለሁሉም የሚነበብ ዓይነት ነው። ፎንቆ ከተማ ያለው ቤታቸው እንደገባን አማቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና ያ የተነበበለት ሰው የእሳቸው ወንድም እንዳልሆነ ተናገሩ። የእሳቸው ወንድም ግልፍተኛ ነበር፤ ፈረስ ይወድ ነበር፤ ሲስቅ እንባው ይወርድ ነበር። ከዚያ ሁሉ አንዱም አልተነበበም።

«የእኔን ራሴ አይቼው ነው የምሞተው» አሉኝ። «አንቺ የአማርኛ መምህር ነሽ። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።»

ደስ አለኝ። ሆሳዕና ተወልጄ ባድግም አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን የመጣ ሰው ነበር፤ ቤታችንም ኦርቶዶክስ። የፕሮቴስታንት ቤት ምራት ሆኜ ስገባ ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ግን ብዙ ዓመት ወንበር የሚሳብልኝ እንግዳ ነበርኩ። ሀዲይኛ እሰማለሁ፤ ሽማግሌዎች ሲፈጥኑ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። አማቴ ከልጆቻቸው ሁሉ አልፈው የሕይወታቸውን ነገር ለእኔ ሊነግሩኝ መምረጣቸው ትልቅ ነገር ነበር። በዚያው ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ።

ላፕቶፑ የቆየ ነው። ከትምህርት ቤት በፍላሽ እየተጋባ የሚመጣ ቫይረስ ሲያሰቃየኝ ከርሞ፣ የአይሲቲ መምህር የሆነው ባልደረባዬ በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጫነልኝ። ቫይረስ አይነካውም፣ ይፈጥናል፣ በነፃ ነው አለኝ። የተናገረው ሁሉ እውነት ሆነ። ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ኮፒ ያደረግኩት ጽሑፍ እስክለጥፈው ድረስ የት እንደሚቆይ።

አማቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሲናገሩ ክፍል ውስጥ ቃል ጽሕፈት እንደሚያጽፉ ነው፤ «አራት ነጥብ» ይላሉ፣ «አዲስ መስመር» ይላሉ። ነገሩ ልባቸውን ሲነካው ግን አማርኛውን ይተዉና በሀዲይኛ ይቀጥላሉ፤ እኔ ደግሞ እየተረጎምኩ እጽፋለሁ። በረንዳው ላይ እሳቸው በወንበር፣ እኔ በዱካ፣ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ። አንድ ነገር ብቻ አስቸጋሪ ነበር፤ ነገራቸውን በቅደም ተከተል መናገር አይችሉም። ስለ መጀመሪያ ደመወዛቸው እያጻፉኝ ስለ ልጅነታቸው ይገባሉ፤ ከዚያ ቆም ይሉና፣ «አይ፣ ይሄ እዚህ አይደለም። አንሺና አስቀምጪልኝ፤ በኋላ ቦታ እሰጠዋለሁ» ይሉኛል። እኔም አንቀጹን ከት አደርጋለሁ፤ ቆርጬ አነሳዋለሁ ማለት ነው፤ ሌላ ፋይል እከፍትና እዚያ እለጥፈዋለሁ።

አንድ ቀን ስለ እናታቸው ነገሩኝ። ትምህርት ቤት በገቡበት ቀን እግራቸውን እሾህ ወግቶት አብጦ ነበርና፣ ትልቅ ልጅ ሆነው ሳሉ እናታቸው አዝለው በዝናብ ወሰዷቸው። አድርሰዋቸውም አልተመለሱም። ልጄን ያባርሩብኛል ብለው በመስኮቱ በኩል ቆመው ሲጠብቁ፣ አስተማሪው አይቷቸው አስገባቸውና ከኋላ አስቀመጣቸው። «እናቴ አንድ ቀን ተምራለች» አሉኝ አማቴ። እናታቸው ከዚያ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋን ፊደል በአመድ ላይ በጣታቸው ይጽፏት ነበር፤ እስከ እርጅናቸው ድረስ። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ሞልቷል። እኔም እየጻፍኩ አፍንጫዬን እጠርግ ነበር።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ አንሺና አስቀምጪልኝ አሉኝ። ከት አደረግኩት። የተከፈተውን ፋይል ሴቭ አድርጌ ፕሮግራሙን ዘጋሁ፤ ማሽኑ ስለሚንቀራፈፍብኝ ሁለት ነገር አብሬ አልከፍትም። ከዚያ ሌላውን ፋይል ከፍቼ ለጥፍ ስለው ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ባዶ። የመጀመሪያውን ፋይል መልሼ ብከፍት አንቀጹ ከዚያም ተቆርጧል። ሴቭ አድርጌ ዘግቼው ስለነበር ወደ ኋላ የሚመለስም ነገር የለም።

አማቴ ምን ሆንሽ አሉኝ። ጠፋብኝ ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኩ። እሳቸው ምንም አልተቆጡም፤ «እደግመዋለሁ፣ ምን ችግር አለ» ብለው ደገሙት። የደገሙት ግን እንዲህ ነው፤ «እናቴ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። የተባረከች ሴት ነበረች። አራት ነጥብ።» የእሾሁን ነገር ጠየቅኳቸው፤ አዎ፣ እሾህም ነበረ አሉ። አመዱን ጠየቅኳቸው፤ እሱንም ጨምሪበት አሉ። እኔ በራሴ ቃል ጨመርኩበት። ነገሩ ሁሉ ገባ፤ ግን በቦኖሻው ቀብር ላይ የተነበበውን ጽሑፍ መሰለ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ባልደረባዬን ያዝኩት። ተረጋግቶ አስረዳኝ። በእኔ ሲስተም ላይ ኮፒ ወይም ከት የተደረገ ነገር ሌላ ቦታ አይቀመጥም፤ የያዘው ያው የተወሰደበት ፕሮግራም ነው፤ ያን ፕሮግራም ስዘጋው የያዘውን ይዞ ይሄዳል። ዕቃ በአደራ ተቀብሎ በዚያው ከአገር እንደሚወጣ ሰው ነው። ይህን አውቆ ሳይነግረኝ መጫኑ አናደደኝ፤ እሱ ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብሎ ነበር የሚያስበው። ሲስተሙ ኮፒ የተደረገውን የሚያቆይ፣ ሲያበሩት የሚሠራ የራሱ ማስቀመጫ እንዳለው፣ ግን ጥቂት ነገር ብቻ እንደሚይዝና ረጅም ጽሑፍ እንደሚያስቸግረው ነገረኝና፣ በእሱ ፈንታ ሌላ ፕሮግራም እንድጭን መከረኝ። ያኛው ኮፒ ያደረግኩትን ሁሉ በተራ ይደረድራል፤ ማሽኑ ቢጠፋ እንኳ አይረሳም። ከስልኬ ሆትስፖት ከፍተን ጫንነው።

እፎይ ያልኩት ለአንድ ሳምንት ነው። አዲሱ ፕሮግራም ዝርዝሩን የሚከፍትበት ቁልፍና እኔ ከአማርኛ ኪቦርድ ወደ እንግሊዝኛ የምቀይርበት ቁልፍ አንድ ሆኑ። ቋንቋ ልቀይር ስል መስኮት ብድግ ይልብኛል፤ ሳላየው መጻፌን ስቀጥል የጻፍኩት ሁሉ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ አማቴ ግን እየተናገሩ ናቸው። ቀና ስል ሁለት ዓረፍተ ነገር አልፎኛል። ቁልፉን ቀየርኩት፤ ማሽኑን አጥፍቼ ሳበራው ወደ ድሮው ተመለሰ። እንደገና ቀየርኩት። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ኮፒ ያደረግኩትን ብቻ ሳይሆን በማውስ ያቀለምኩትን ሁሉ ይለቅማል። እኔ ሳነብ መስመር እያቀለምኩ የማንበብ ልማድ አለኝ። ዝርዝሩ በግማሽ ቃል፣ በአንድ ፊደል፣ በባዶ ቦታ ተሞላ።

ከሁሉም የሚብሰው ሌላ ነበር። ዝርዝሩ የእያንዳንዱን አንቀጽ መጀመሪያ ብቻ ነው የሚያሳየው። አማቴ ደግሞ ማንኛውንም ነገር ሲጀምሩ «በዚያን ዘመን» ብለው ነው የሚጀምሩት። ስከፍተው ከላይ እስከ ታች በዚያን ዘመን፣ በዚያን ዘመን፣ በዚያን ዘመን ይላል። የምፈልገውን ለማግኘት አንድ በአንድ ለጥፌ ማየት ነበረብኝ፤ የለጠፍኩት ደግሞ ወደ ላይ ዘሎ አንደኛ ይሆናል፤ የያዝኩት ተራ ሁሉ ይፈርሳል። ባለቤቴ ማታ እራት ላይ ስነጫነጭ እየሰማ፣ ለምን በእስክሪብቶ አትጽፊውም አለኝ።

አማቴ ግን ዝርዝሩን ወደዱት። አንድ ቅዳሜ መነጽራቸውን አድርገው ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ አንሺና አስቀምጪ ያሉት ሁሉ ተደርድሮ አገኙት። «ይሄ ሁሉ አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማውሱን ከእጄ ይወስዱ ጀመር። በአንድ ጣት ይጫናሉ፣ ያነባሉ፣ ሌላውን ይጫናሉ። ቀድሞ የጣሉትን መልሺው ይላሉ፣ የመለስኩትን አንሺው ይላሉ። ስለ መጀመሪያ ክፍላቸው፣ በፎንቆ ዋርካ ሥር ስላስተማሩት፣ ሦስት ዓይነት አንቀጽ ነበረን፤ ሦስቱም በዚያን ዘመን ብለው የሚጀምሩ። አንዱን ምረጡልኝ ስላቸው፣ ሁሉም ትክክል ነው፣ ይቆዩ ይሉኛል። በፊት የተነሳው ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር። አሁን ደግሞ ምንም ነገር አልወጣ አለኝ። ሥራው ወደፊት መሄድ አቆመ፤ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ግን እየቀረበ ነበር። ቤተሰቡ ለዘመን መለወጫው ፎንቆ ሲሰበሰብ የተጻፈው እንዲነበብ አማቴ ቀድመው ለሁሉም ተናግረው ነበር።

ከተነሡት አንቀጾች አንዱ ስለ አባታቸው ሞት ነበር። አባታቸው ሲሞቱ አማቴ ሩቅ ቆላ አገር ተመድበው ያስተምሩ ነበር። ሲደርሱ አባታቸው ከተቀበሩ ቆይተዋል። ይህን መጀመሪያ ሲነግሩኝ በሀዲይኛ ነበር፤ ድምፃቸውም ተለውጦ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው በአባታቸው አልጋ አጠገብ እንደነበረ፣ ሕመሙ እንደሚገድል እያወቀ መልእክት እንዳልላከባቸው፣ አባታቸውን አፈር ሳያለብሱ የቀሩት በእሱ ምክንያት እንደሆነ ተናገሩ። ጻፍኩት። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሰው፣ አንሺና አስቀምጪልኝ አሉኝ። በቦታው ሌላ አጻፉኝ፤ «በዚያን ዘመን መንገድ ስላልነበረና ክረምቱም ከባድ ስለነበረ በአባቴ ቀብር ላይ ለመገኘት አልታደልኩም።» ይሄኛው ይግባ አሉ። አስገባሁት።

ታናሽ ወንድማቸው ዳምቦያ ነው የሚኖሩት። ከከምባታ ቤተሰብ አግብተው እዚያው ቀርተው በእህል ንግድ የኖሩ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በያሆዴ ቀን በጠዋት ደረሱ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጸሎት ተደረገ፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አተካና ተበላ፣ ከዚያ ባለቤቴ ሆሳዕና ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምኩትን ወረቀት ይዞ ቆመና ያነብ ጀመር። ጥሩ ያነባል። ሰዎች ሳቁ፣ አሮጊቶች አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ በር አጠገብ ተቀምጬ፣ ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ከሆነ ይሁን ብዬ ነበር።

ከዚያ ስለ አባታቸው ሞት የሚናገረው ጋ ደረሰ። «ታናሽ ወንድሜ በአባቴ አልጋ አጠገብ ነበረ» ብሎ አነበበ። እዚያው ቢያቆም ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን ባለቤቴ ሲያነብ ልቡ ከአፉ ይዘገያል። «እያወቀ መልእክት አልላከብኝም። አባቴን አፈር ሳላለብስ የቀረሁት በእሱ ነው» የሚለውን ከጨረሰ በኋላ ነው ያነበበው የገባው። ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

የዳምቦያው አጎት ተነሡ፣ ከግድግዳው ላይ ኮፍያቸውን አወረዱ፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ ደህና ዋሉ ብለው ወጡ። የተከተላቸው ሰው ቢኖርም፣ እስኪደርስ መንገድ ላይ ሚኒባስ አስቁመው ሄደው ነበር። አማቴ ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። በኋላ ትንሽ ልረፍ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ባለቤቴ ጓሮ ወስዶ ማንን ለማዋረድ እንደፈለግኩ ጠየቀኝ። እኔ ያስገባሁት ስለ ክረምቱና ስለ መንገዱ የሚለውን እንደሆነ ማልኩለት። ላፕቶፑን አውጥቼ ከፈትኩ፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው የተነበበው ነው። የመንገዱ አንቀጽ የለም። ምን ልበለው? ማሽኑ ነው አልኩት። አንድ ሰው የወንድሙን ስም በሕዝብ ፊት ያነሣል፣ ምራቲቱ ደግሞ ማሽኑ ነው ትላለች። የባለቤቴ እህቶች ዕቃ እያጠቡ እንዳልሰሙ ሆኑ።

ሰኞ ባልደረባዬን በተማሪዎች ፊት ተናገርኩት። የጫንክልኝ ፕሮግራም የራሱን ነገር እየለጠፈ ቤተሰብ አፈረሰብኝ አልኩት። እሱ ደነገጠ፤ ግን ከቃሉ ንቅንቅ አላለም። ያ ፕሮግራም ያስቀምጣል እንጂ ማንም ሳይጫነው በራሱ አይለጥፍም አለኝ። አንተ ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል ስትል ነበር ብዬው ሄድኩ። በዚያው የሻይ እረፍት፣ ፕሮግራሙን ነቀልኩት። የያዘው ዝርዝር ይጥፋ ወይስ ይቆይ ሲለኝ ይጥፋ አልኩት። አሁን ድረስ የሚያበሳጨኝ ያ መልስ ነው። ሦስቱ የዋርካ አንቀጾች፣ ገና ቦታ ያልተሰጣቸው ሌሎችም፣ የመንገዱ አንቀጽም ጭምር፣ ሁሉም አብረው ሄዱ።

ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቅ ፎንቆ ሄድኩ። አማቴ በረንዳው ላይ እንደ ወትሮው ተቀምጠው ነበር። ቁጭ ሳልል ጀመርኩ፤ አባባ፣ በፕሮግራሙ ምክንያት የተፈጠረ ስህተት ነው፣ ነቅዬ ጥዬዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይደገምም አልኳቸው።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ የለጠፍኩት።»

አልገባኝም ነበር። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከበዓሉ በፊት በነበረው ቅዳሜ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓሮ ቅቤ ሳነጥር ላፕቶፑን ትቼላቸው ነበር። ዝርዝሩን ከፍተው ያንን አንቀጽ ፈልገው አገኙት፤ የመንገዱን አጥፍተው እሱን ለጠፉበት። ስመለስ አልነገሩኝም። እኔም ፋይሉን ስዘጋ ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ሲለኝ ሳላነብ አዎ ብያለሁ፤ ያ ትዝ አለኝ። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው፣ ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበር አሉ። ዕድሜ ልካቸውን አፋቸው ላይ የነበረውን ነገር በአፋቸው ማውጣት እንዳቃታቸው፣ በልጃቸው አፍ ሲነበብ ግን ይቀላል ብለው እንዳሰቡ ነገሩኝ። «አልቀለለም» አሉ።

ምን እንደተሰማኝ መናገር ይከብደኛል። በአማት ላይ አይጮኽም። ባሌ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረኝም፣ ባልደረባዬን በልጆች ፊት አዋርጄዋለሁ፣ እሳቸው ግን ያን ጊዜ ሁሉ ጓዳ ተኝተው ያውቁ ነበር። ይህን ሁሉ ዋጥኩትና፣ ቢያንስ ለልጅዎ ይንገሩልኝ አልኳቸው። እዚያው ስልክ አስደውለው ነገሩት። ከዚያ ተረጋግተው፣ በይ እንግዲህ ዝርዝሩን ክፈቺ፣ የዋርካውን ዛሬ እንጨርስ አሉኝ። ጠፍቷል አልኳቸው። ሁሉም? ሁሉም። ዓይናቸው ላፕቶፑ ላይ ቀረ። የዚያን ቀን አንድም ቃል አልጻፍንም።

ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅኩት። ግድ የለም አለ፤ ግን ፕሮግራሙን መልሰህ ጫንልኝ ለማለት አፌ አልደፈረም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዳምቦያው አጎት ሳይታሰብ ሆሳዕና ቤታችን መጡ። በወንድማቸው ቤት አላለፉም። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ብቻ ነበርኩ። ውኃ ጠጡ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ የወንድሜን በጻፍሽበት የእኔንም ጻፊልኝ አሉኝ። «ሁለት ጊዜ ግን አልናገረውም» አሉ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሌላ ምንም ሳልከፍት፣ በየመስመሩ ሴቭ እያደረግኩ፣ ከሀዲይኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጻፍኩ።

«አባታችን ነው የከለከለኝ» አሉ። «ልጁን አትጥራብኝ፣ ክፍሉን ጥሎ ይመጣል፣ ከሥራው ያባርሩታል አለኝ። የአባቴን ቃል ጠበቅኩ። ወንድሜ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።»

ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ምሳ ብላቸው እምቢ ብለው ሄዱ።

አሳትሜ ፎንቆ ወሰድኩት። አማቴ አነበቡት፣ ገልብጠው ነጩን ጀርባ አዩ፣ ደግመው አነበቡት። ከዚያ፣ አባታቸው ያሉትን ቃል ራሱን፣ በሀዲይኛ እንደተነገረው፣ ንገሪኝ አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የለም። አጎት ሲናገሩ ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛል፣ ግን ጆሮዬ ሀዲይኛውን ሲቀበል እጄ አማርኛ አድርጎ ነው ያወጣው። ትርጉሙን እንጂ ቃሉን አልያዝኩም። ደጋግመው ጠየቁኝ፤ እንዴት ብሎ ጀመረ፣ ልጄ ብሎ ነው ወይስ ስሜን ጠርቶ? አላውቅም አልኳቸው። ያን ቀን እንዳፈርኩ በማንም ፊት አፍሬ አላውቅም፤ የሚወቀስ ፕሮግራም ደግሞ አልነበረም።

አማቴ በማግሥቱ ዳምቦያ ሄዱ። ልጆቻቸው እናድርስዎት ቢሏቸው እምቢ አሉ። እዚያ አደሩ። ምን እንደተባባሉ ለማንም አልተናገሩም፤ አጎትም አልተናገሩም። ሲመለሱ ግን ኪሳቸው ውስጥ በራሳቸው እጅ የጻፉት አንድ መስመር ነበር፤ የአባታቸው ቃል፣ በሀዲይኛ። እሱ ቀድሞ እንዲገባ፣ ከሥሩ የእሳቸው አንቀጽ፣ ከእሱ ሥር የወንድማቸው መልስ እንዲሆን አዘዙኝ። ማለስለስ የለም፣ ማሳጠር የለም አሉ። የመንገዱና የክረምቱ አንቀጽ ይመለስ ወይ ስላቸው፣ መንገድ ነበረ አሉኝ።

ፕሮግራሙንም አሁን መልሼ ጭኜዋለሁ፤ ባልደረባዬ ራሱ መጥቶ ነው የጫነው። ባለፈው ሲስተሙን አፕዴት ካደረግኩ ወዲህ አንዳንዴ ኮፒ ያደረግኩትን ይመዘግባል፣ አንዳንዴ አይመዘግብም፤ ምክንያቱን እሱም ገና አላገኘውም። አጎት አሁን በየወሩ ፎንቆ ይመጣሉ። ሁለቱ በረንዳው ላይ ይቀመጡና አንዱ የሚናገረውን ሌላው ያርማል፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ማን እንደነበረ፣ ዝናብ ነበረ አልነበረም። እኔ መሀል ተቀምጬ የአንዱን ስጽፍ የሌላው ያልፈኛል፤ ቆዩኝ ስላቸው አይሰሙኝም። ባለፈው ቅዳሜ ሙሉ ቀን የዋለው በአንድ የትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ነው፤ ሣር ነበረ ወይስ ቆርቆሮ በሚለው። ሁለቱንም ጻፊ አሉኝ። ታሪኩ ገና የአማቴ ጋብቻ ጋ አልደረሰም።